ኮሌጅ ያልገባው የቢዝነስ ትምህርት አባት፦ ጆሴፍ ዋርተን

ዋርተን የሚለው ስም ለብዙዎቻችን የትምህርት ቤት ስም ነው። ዶናልድ ትራምፕ በ1968 የተመረቁበት፣ ኢሎን መስክ የተማረበት፣ ዋረን ቡፌት ሁለት ዓመት ተምሮ ጥሎት ወደ ነብራስካ የሄደበት የፊላደልፊያው የቢዝነስ ትምህርት ቤት። ከስሙ ጀርባ ግን አንድ ሰው አለ። ጆሴፍ ዋርተን ይባላል። ጡብ ሠርቶ አልሆነለትም፣ ዚንክ አቅልጦ ሀብታም ሆነ፣ ኒኬል አንጥሮ አሜሪካኖች ኪስ ውስጥ አስገባ፣ ለጦር መርከብ ብረት የሚያቀርብ ፋብሪካ ትልቁ ባለድርሻ ሆነ፣ ውሃ ልሽጥ ብሎ ደግሞ በሕግ ተከለከለ። ዲግሪ ግን አልነበረውም።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከሚሰጡ አምስት የመጀመሪያ ዲግሪዎች አንዱ ገደማ በቢዝነስ ዘርፍ ነው። እኛም ጋ ዲፓርትመንት ሲሞላ ማኔጅመንትና አካውንቲንግ ስማቸው ሳይነሳ አይቀርም። አሁን ላይ ሆነን ስናየው ድሮም የነበረ ነገር ይመስላል። አልነበረም። ከ1881 በፊት አንድ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ንግድ ልማር ቢል የሚቀበለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እምብዛም አያገኝም። ሲጀመርም ብዙ ምሁር ደስ አላለውም።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆሴፍ የተወለደው ማርች 3 ቀን 1826 ፊላደልፊያ ውስጥ ነው። ከአስር ልጆች አምስተኛው። ቤተሰቡ ከከተማዋ ምሥረታ ጀምሮ እዚያው የኖረ፣ የደላው የኩዌከር ቤተሰብ ነበር። ኩዌከሮች ማለት ዝም ብሎ በመቀመጥ የሚያመልኩ፣ ቅንጦት የማይወዱ፣ መሐላ የማይምሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጦር መሣሪያ አናነሳም የሚሉ ክርስቲያኖች ናቸው። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ እንመለስባታለን። እናቱ ዲቦራ ፊሸር ዋርተን በማኅበረሰቡ ውስጥ የተከበሩ ሰባኪ ነበሩ።

ልጁ በኩዌከር ትምህርት ቤቶች ተማረ። ከ14 እስከ 16 ዓመቱ ደግሞ ለኮሌጅ እንዲዘጋጅ የቤት አስተማሪ ተቀጠረለት። ዝግጅቱ አለቀ፣ ኮሌጁ ግን ቀረ። በ16 ዓመቱ ቼስተር ካውንቲ ወደሚባል የገጠር አካባቢ ሄዶ እርሻ ላይ መሥራት ጀመረ። ክረምት ክረምት ከተማ እየተመለሰ ማርቲን ቦዬ በሚባል ኬሚስት ላቦራቶሪ ኬሚስትሪ ይማራል፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ያጠናል። ይህች የክረምት ኬሚስትሪ በኋላ ስንት ብር እንዳስገኘችለት ስታዩ ትገረማላችሁ።

19 ዓመት ሲሞላው ዋልን ኤንድ ሊሚንግ የሚባል የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴዎች ድርጅት ውስጥ ለሁለት ዓመት ተለማማጅ ሆነ። በዚያ ዘመን ንግድ የሚማረው እንዲህ ነው። የነጋዴው ሂሳብ ክፍል ትገባለህ፣ ደብዳቤ ትገለብጣለህ፣ ትላላካለህ፣ ቀስ እያልክ መዝገብ መያዝ ትማራለህ። ገቢና ወጪ እንዴት ሁለት ቦታ እንደሚጻፍ፣ ዱቤ ለማን እንደሚሰጥ፣ ለማን እንደማይሰጥ፣ ሁሉንም ከሰው ሥር ሆነህ እያየህ ነው። ጆሴፍ ከዚያ ሲወጣ ጥሩ የሂሳብ ሰው ሆኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥቂት ዓመት መውደቅና መነሳት ነው። በ21 ዓመቱ ከታላቅ ወንድሙ ከሮድማን ጋር ሆኖ ለቀለም የሚሆን ነጭ የእርሳስ ዱቄት ማምረት ጀመረ። በ1849 ደረቅ ሸክላ በማሽን ጨምቆ ጡብ የሚያወጣ ሥራ ሞከረ። ማሽኑ አሪፍ ነበር፤ ገበያው ግን ወቅት ይጠብቃል፣ ተፎካካሪውም ብዙ ነው። የሚፈልገውን ያህል አላዋጣውም።

ዕድሉ የተከፈተው በ1853 ነው። ቤተልሔም (የፔንሲልቬንያዋን ማለቴ ነው) አካባቢ ዚንክ የሚያወጣ ኩባንያ ውስጥ ገባ፤ መጀመሪያ ማዕድኑ ላይ፣ ቆይቶ ፋብሪካው ላይ ኃላፊ ሆነ። በዓመቱ አና ኮርቢት ሎቨሪንግን አገባ። ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ ወንድ ልጅ የላቸውም። ይህም በኋላ ይመጣል።

ኩባንያው የሚሠራው ለነጭ ቀለም የሚሆን የዚንክ ዱቄት ነበር። በ1857 ትልቅ የገንዘብ ቀውስ መጣ። ባንኮች ክፍያ አቆሙ፣ ፋብሪካዎች ተዘጉ። ዋርተን ኩባንያውን ከዚያ ማዕበል ይዞት ወጣ። ቀጥሎ ደግሞ ሌሎች የፈሩትን ነገር ጀመረ፤ ዱቄቱን ትቶ ራሱን የዚንክ ብረቱን ማቅለጥ።

ዚንክ አስቸጋሪ ነገር ነው። እንደ ብረት ቀልጦ ከእቶኑ ሥር አይጠራቀምልህም። ከድንጋዩ ለመላቀቅ በሚፈልገው ሙቀት ላይ ተንኖ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎቱ አየር ካገኘ ደግሞ ተቃጥሎ መልሶ ዱቄት ይሆናል፣ ልፋትህ ሁሉ ወደጀመርክበት ይመለሳል። ስለዚህ በተዘጋ የሸክላ ዕቃ ውስጥ አንድደህ፣ እንፋሎቱን አየር ሳይነካው አቀዝቅዘህ ፈሳሽ ማድረግ አለብህ። ይህንን በደንብ የሚችሉት ቤልጂጎች ነበሩ። ዋርተን ከቤልጂየም ሠራተኞች አስመጣ። ተሳካለት፤ አሜሪካ ውስጥ ዚንክን ለገበያ በሚበቃ መጠን ካቀለጡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ሆነ። ወዲያው የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈነዳ፣ የብረታ ብረት ፍላጎት ጣራ ነካ። በ1863 ከዚያ ኩባንያ ሲወጣ ሀብታም ነበር።

ገንዘቡን ይዞ አልተቀመጠም፤ ኒኬል ውስጥ ገባ። ላንካስተር ካውንቲ ውስጥ ጋፕ የሚባል የኒኬል ማዕድን፣ ከወንዙ ማዶ ካምደን ኒው ጀርሲ ደግሞ ማጣሪያ ፋብሪካ ያዘ። ችግሩ ኒኬል ያኔ ብዙ ፈላጊ የለውም። ዋርተን ምን አደረገ? ፈላጊውን ራሱ ፈጠረው። በ1864 የአሜሪካ ትናንሽ ሳንቲሞች ከኒኬልና ከመዳብ ቅልቅል ይሠሩ የሚል ጽሑፍ አሳትሞ ዋሽንግተን ላይ መወትወት ያዘ። በ1865 የሦስት ሳንቲሟ፣ በ1866 የአምስት ሳንቲሟ ወጣች፤ ሩቧ ኒኬል፣ ሦስት አራተኛዋ መዳብ። ዛሬም አሜሪካ ያላችሁ ታውቋታላችሁ፣ ስሟ ራሱ ኒኬል ነው። ለብዙ ጊዜ ሀገር ውስጥ ኒኬል የሚያመርተው ሁነኛ ሰው ደግሞ ያው እሱ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሰውየው ጎበዝ ነጋዴ ብቻ አልነበረም፤ መንግሥት ደጅ የሚያንኳኳ ነጋዴም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የተሟገተለት አንድ ሐሳብ አለ፤ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ከፍ ያለ ቀረጥ ይጣል፣ የሀገር ውስጥ ፋብሪካ ከእንግሊዝ ርካሽ ዕቃ ይጠበቅ የሚል። በዚህ ላይ መጣጥፎች ጽፏል፣ ኮንግረስ አባላትን አሳድዷል። ከልቡ ያመነበት ይመስለኛል፤ አሜሪካም በዚያ ዘመን ያደገችው በቀረጥ ግድግዳ ውስጥ ሆና ነው። ግን ቀረጡ የሚጣልበት ኒኬልና ብረት የራሱ ምርት መሆኑን መርሳት አይቻልም። እምነትና ጥቅም አንድ ላይ ሲገጥሙ የቱ ከቱ እንደቀደመ ለመለየት ይቸግራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

በ1880 አካባቢ ዋርተን የሃምሳዎቹ ዕድሜ ላይ ነው። ዙሪያውን ሲያይ ሁለት ነገር አልጣመውም። አንደኛው፣ እሱ የተማረበት የተለማማጅነት መንገድ እየጠፋ ነበር። ድርጅቶች ትልልቅ ሆኑ፣ የባቡር ኩባንያው በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ አለው፤ አንድ ልጅ ሂሳብ ክፍል ጥግ ተቀምጦ ይህን ሁሉ በዓይኑ እያየ አይማረውም። ሁለተኛው፣ ኮሌጆቹ የሚያወጡት ሐኪም፣ ጠበቃና ቄስ ነው። የሀብታም ልጅ ኮሌጅ ገብቶ ላቲንና ግሪክ ተምሮ ይወጣል፤ ከዚያ የአባቱን ሀብት ሲረከብ ምን እንደሚያደርገው አያውቅም። በየከተማው የንግድ ኮሌጅ የሚባሉ የግል ማሠልጠኛዎች ነበሩ፤ ሮክፌለር ራሱ በ1855 ክሊቭላንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ጥቂት ወራት ተምሯል። እነሱ ግን የሚያስተምሩት የጽሕፈትና የመዝገብ አያያዝ ነው። ጥሩ ጸሐፊ ያወጣሉ፣ ሥራ መሪ አያወጡም።

ማርች 1881 ላይ ዋርተን ለፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ባለአደራዎች አንድ ሰነድ ላከ። ከ100,000 ዶላር ስጦታ ጋር። ለዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። ጥያቄው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፋይናንስና የኢኮኖሚ ትምህርት ቤት እንዲከፈት፣ የቤተሰቡን ስምም እንዲይዝ ነው።

ሰነዱ ዝም ብሎ የልገሳ ደብዳቤ አይደለም፤ ዛሬ ካሪኩለም የምንለው ነገር ነው። አካውንቲንግ፣ የንግድ ሕግ፣ ገንዘብና ባንክ፣ ግብር፣ ኢንዱስትሪና ትራንስፖርት እያለ ምን ምን መማር እንዳለበት ይዘረዝራል። ተማሪው ሊገባው የሚገባ ብሎ ካስቀመጣቸው ውስጥ አንዱ፣ ሀብት ከሌላው ሰው ነጥቆ ሳይሆን ለሰው አገልግሎት ሰጥቶ መገኘት እንዳለበት ነው። ቁማር መሰል ንግድን አጥብቆ ይጠላ ነበር። ከዚያው ሳይርቅ ግን ዘመናዊ ፋብሪካ በአንድ መሪ ሥር ብዙ ካፒታልና ብዙ ሠራተኛ መሰብሰብ እንዳለበት፣ ሠራተኛውም በዲሲፕሊን መያዝ እንዳለበት፣ የሥራ ማቆም አድማ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚከላከሉትም ይማሩ ይላል። ሰነዱን የጻፈው መምህር ሳይሆን ባለፋብሪካ መሆኑ እዚህ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል።

ትልቁ ጉዳይ ደግሞ ቀረጡ ነው። ዋርተን በስጦታው ላይ ያስቀመጠው መመሪያ ግልጽ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ሀገር ኢንዱስትሪዋን በቀረጥ የመጠበቅ መብትና ግዴታ እንዳለባት ያስተምር። በማመንታት፣ ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅም አይደለም፤ አስረግጦ ነው። ያኔ በብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች የሚሰጠው የእንግሊዞቹ የነጻ ንግድ ትምህርት ነበር፣ እሱም ይህን ለመገልበጥ ነው የፈለገው። ታዲያ ገንዘብ የሰጠ ሰው መልሱንም አብሮ ከሰጠ፣ ያ ትምህርት ነው ወይስ ቅስቀሳ? ይህ ጥያቄ ከትምህርት ቤቱ ጋር አብሮ ተወለደ።

ባለአደራዎቹ ተቀበሉት። በ1881 መጸው ላይ ትምህርት ቤቱ በጥቂት ተማሪዎች ተከፈተ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላስተካክል። ብዙ ቦታ ዋርተን የዓለም የመጀመሪያው የቢዝነስ ትምህርት ቤት እየተባለ ይጻፋል። እንደዚያ አይደለም። ፓሪስ ውስጥ በ1819 የተከፈተ የንግድ ትምህርት ቤት አለ፤ አንትወርፕም በ1852 ነበራት። ዋርተን የመጀመሪያ የሆነው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ገብቶ፣ ከፍልስፍናና ከሕክምና ጎን ተቀምጦ ዲግሪ የሚሰጥ በመሆኑ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል እንጂ ጠቡ ሁሉ የመጣው በዚህ ነው። ነጋዴ ሠፈር ውስጥ ማሠልጠኛ ከፍተህ ብታስተምር ማንም አይናገርህም። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተህ ይህም ዕውቀት ነው ስትል ግን የድሮዎቹ ፕሮፌሰሮች ፊታቸውን አጠቆሩ።

ሌላው ራስ ምታት ደግሞ ተግባራዊ ነው፤ በምን መጽሐፍ ይማሩ? ስለ ኮርፖሬሽን አስተዳደር፣ ስለ ባቡር ፋይናንስ የተጻፈ የማስተማሪያ መጽሐፍ እንደልብ አልነበረም። መምህሩስ ከየት ይምጣ? የመጀመሪያው ኃላፊ ሮበርት ኤሊስ ቶምፕሰን ቄስ ነበር፤ የዋርተንን የቀረጥ ሐሳብ ግን ከልቡ ይደግፋል። በ1883 ነገሩ መልክ መያዝ ጀመረ። የባንኮችን መጽሔት ያዘጋጅ የነበረው አልበርት ቦልስ ለተግባሩ ትምህርት መጣ፣ ጀርመን ሀገር ሃለ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን የሠራው ኤድመንድ ጄምስ ደግሞ ለኢኮኖሚውና ለአስተዳደሩ። ትምህርት ቤቱን ወደ አራት ዓመት ሙሉ ፕሮግራም ከፍ እንዲል የገፋው ጄምስ ነው፤ እሱም የሆነው በ1890ዎቹ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች በ1884 የወጡ በጣት የሚቆጠሩ ወጣቶች ናቸው። ከነሱ መካከል ሺባ ሺሮ የሚባል ጃፓናዊ አለ። ልጅ ሆኖ በጃፓን የእርስ በርስ ጦርነት ከተሸናፊው ወገን የነበረ ሰው ነው። ፊላደልፊያ ተምሮ ሀገሩ ሲገባ ባንክ አልከፈተም፤ ልብ ወለድ ጻፈ! ስለ ደካማ ሀገሮችና ስለ ነጻነታቸው የሚያወራ፣ በዘመኑ ጃፓን ውስጥ በሰፊው የተነበበ ልብ ወለድ። በኋላም ፓርላማ ገባ። ዋርተን ለፔንሲልቬንያ ብረት ብሎ ያስተማረው ራስን የመጠበቅ ሐሳብ እስያ ሄዶ ሌላ ትርጉም ማግኘቱ ለኔ ከታሪኩ ሁሉ ደስ የሚለኝ ክፍል ነው።

ከዚህም በላይ መሥራቹ ያላሰበው ነገር ሁሉ መጣ። ጄምስና ባልደረቦቹ ተማሪውን ከክፍል አውጥተው ከተማው ውስጥ አሰማሩት። የ1893 ተመራቂ ክፍል የፊላደልፊያን ከተማ አስተዳደር ክፍል በክፍል አጥንቶ መጽሐፍ አወጣ። በ1896 ደግሞ ከዚያው ቤተሰብ የሆነችው ሱዛን ዋርተን ባነሳችው ሐሳብ ዩኒቨርሲቲው ወጣቱን ጥቁር ምሁር ዊልያም ዱ ቦይስን ጠራው። ዱ ቦይስ በከተማዋ ሰባተኛ ቀበሌ ቤት ለቤት እየዞረ ወደ 2,500 የሚሆኑ ቤተሰቦችን አነጋገረ። በ1899 የታተመው ጥናቱ ዛሬም የሶሲዮሎጂ ተማሪ የሚያነበው ነው። ለራሱ ግን ተራ የረዳትነት ማዕረግ ብቻ ሰጡት፤ መደበኛ የማስተማር ቦታ አላገኘም።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ትምህርት ቤቱ እዚያ ሲንገዳገድ ዋርተን ራሱ ሌላ ነገር ላይ ነበር። ቤተልሔም አይረን በሚባለው ኩባንያ ውስጥ ትልቁ ባለድርሻ ሆኗል። ኩባንያው የባቡር ሐዲድ ይሠራ ነበር፤ የሐዲዱ ገበያ ግን እየጠበበ ሄደ። በ1886 ኮንግረስ ለባሕር ኃይሉ መርከቦች የሚሆነው ብረት የሀገር ውስጥ ይሁን አለ። ዋርተን አውሮፓ ሄዶ ከእንግሊዙ ዊትወርዝና ከፈረንሳዩ ሽናይደር ትልልቅ ብረት የመቀጥቀጥ ጥበብ እንዲገዛ ተደራደረ። በ1887 ቤተልሔም የመድፍና የመርከብ ጥሩር ብረት ኮንትራት አገኘች። 125 ቶን የሚመዝን የእንፋሎት መዶሻ ተተከለ፤ ያኔ በዓለም ትልቁ ነበር።

ኩዌከሮች ጦር መሣሪያ አያነሱም ብዬ ነበር። አዎ። የሰባኪዋ የዲቦራ ልጅ ራሱ መድፍ አልተኮሰም፤ የመድፉን ብረት ግን ሸጧል። ከማኅበረሰቡም አልወጣም። ይህን የሚያስታርቅ ማብራሪያ ልጽፍላችሁ አልችልም፤ ሁለቱም እውነት ሆነው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

እዚያው ፋብሪካ ላይ በ1898 አንድ መሐንዲስ ተቀጠረ፤ ፍሬድሪክ ቴይለር። ማኔጅመንት የተማራችሁ፣ አንደኛ ዓመት ላይ ሳይንቲፊክ ማኔጅመንት ብላችሁ የሸመደዳችሁት ሰውዬ። ሰዓት ይዞ አካፋ የሚይዙትን፣ ብረት የሚሸከሙትን የለካው ቤተልሔም ላይ ነው። እሱ እንደተረከው አንድ ተሸካሚ በቀን የሚጭነው ከ12.5 ቶን ወደ 47 ቶን ከፍ አለ፤ ደሞዙ ደግሞ ከ1.15 ዶላር ወደ 1.85። ሥራው አራት እጥፍ ሊጠጋ፣ ክፍያው እጥፍ እንኳን አልሞላም። ቆይተው መዝገቡን ያገላበጡ ተመራማሪዎች ቴይለር ታሪኩን በጣም አሳምሮ ነው የነገረን ብለዋል። በ1901 ከፋብሪካው ተሰናበተ፤ በዚያው ዓመት ዋርተንም ድርሻውን ለቻርልስ ሽዋብ ሸጠ። ማለትም የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ቢዝነስ ትምህርት ቤት መሥራችና የማኔጅመንት መማሪያ መጽሐፍ ሁሉ የሚጀምርበት ሰው የአንድ ፋብሪካ ሰዎች ናቸው። ይህን ክፍል ውስጥ የነገራችሁ መምህር ካለ ዕድለኛ ናችሁ።

ሁሉም አልተሳካለትም ብያለሁ። ከ1870ዎቹ ጀምሮ ደቡብ ኒው ጀርሲ ውስጥ ጥድ የወረሰው አሸዋማ መሬት ይገዛ ነበር። በ1876 ባትስቶ የምትባል የተተወች የብረት መንደር በሐራጅ በ14,000 ዶላር ወሰደ። እየገዛ እየገዛ ወደ 96,000 ኤከር ደረሰ። ሐሳቡ ንጹሑን ውሃ ገድቦ በቧንቧ ለፊላደልፊያ መሸጥ ነው፤ የፊላደልፊያ ውሃ በዚያ ዘመን ቆሻሻ ነበር። የኒው ጀርሲ ሕግ አውጪዎች ግን ውሃችን ከግዛታችን አይወጣም ብለው ዘጉበት። የሀገርን ሀብት በሕግ መጠበቅ ዕድሜ ልኩን ያስተማረ ሰው፣ በዚሁ ሐሳብ ተመታ። መሬቱ ሳይገደብ ቀረ። በ1950ዎቹ ግዛቱ ከወራሾቹ ገዛው፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራ፣ በኒው ጀርሲ ትልቁ የሕዝብ ደን ነው።

የክረምቱ ኬሚስትሪም አልተወችውም። በ1883 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ክራካታው እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ የፊላደልፊያ ሰማይ ሲመሽ ደም ይመስል ነበር። ምክንያቱ ምንድነው ሲባል ዋርተን አዲስ የወረደ በረዶ ሰብስቦ አቀለጠ፣ የቀረውን ብናኝ በማይክሮስኮፕ አየው፤ እንደ መስታወት የሚያበራ። ከዚያ በዚያው ባሕር በኩል አልፋ ወደብ ላይ የቆመች መርከብ ፈልጎ ያመጣችውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወሰደና አመሳከረ። ያው ነበር። ስድሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰ የፋብሪካ ባለቤት ነው ይህን የሚያደርገው።

ዲግሪ ስለሌለኝ ይህን ታሪክ ይዤ ትምህርት ምን ያደርጋል ማለት ይቀናኝ ነበር፤ ፌስቡክ ላይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሞልቷል። ዋርተን ግን የሄደው በተቃራኒው ነው። ራሱ ያላገኘውን ትምህርት ሌላው እንዲያገኝ ገንዘቡን አፈሰሰ። ስጦታው በሕይወት እያለ 500,000 ዶላር ደርሷል። ከእናቱ ጋር ሆኖ ስዋርትሞር ኮሌጅን ከመሠረቱት አንዱም ነው፤ ከ1883 እስከ 1907 የቦርዱ ሰብሳቢ ነበር። ስዋርትሞር ከመጀመሪያው ቀን ወንድና ሴት አብረው የሚማሩበት ነው። የቢዝነስ ትምህርት ቤቱ ሰነድ ላይ ግን የሚያወራው ስለ ወጣት ወንዶች ብቻ ነው። ሦስት ሴት ልጆች የነበሩት አባት፣ ልጆቹ የማይገቡበትን ትምህርት ቤት በስማቸው ሰየመ። ሴቶች ለመጀመሪያ ዲግሪ በሙሉ መብት ዋርተን የገቡት በ1950ዎቹ ነው።

የኒኬል ፋብሪካው በ1902 ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ተዋሕዶ ኢንተርናሽናል ኒኬል ሆነ። ቺካጎና ካሊፎርኒያ በ1898 የራሳቸውን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር፤ ሃርቫርድ በ1908 ተከተለ። ጆሴፍ ዋርተን ጃንዋሪ 11 ቀን 1909 በ82 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው እዚያው ፊላደልፊያ፣ ሎሬል ሂል መካነ መቃብር ነው።

ያ አብሮ የተወለደው ጥያቄ ግን አልተቀበረም። በ1915 ስኮት ኒሪንግ የሚባል የዋርተን ኢኮኖሚስት ሕፃናት በፋብሪካና በማዕድን ማውጫ መሥራታቸውን እየተቃወመ በየአደባባዩ ይናገር ነበር። የዩኒቨርሲቲው ባለአደራዎች ምክንያት ሳይሰጡ ኮንትራቱን አላደሱለትም። ጋዜጦች ጮኹ፣ የሥራ ባልደረቦቹም በሐሳቡ የማይስማሙት ሳይቀሩ ተቃወሙ። ኒሪንግ አልተመለሰም።

የቀረጡ ትምህርት ራሱ በጊዜ ብዛት ከክፍል ወጥቷል። አሁን እዚያ ፋይናንስ፣ ማርኬቲንግ፣ ስታቲስቲክስ ነው። አንድ የድሮ ነገር ብቻ አልተነካም፤ የዋርተን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ አራት ዓመት ቢዝነስ ተምሮ ሲመረቅ ወረቀቱ ላይ ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን የሚል አያገኝም። የሚለው ኢኮኖሚክስ ነው።